የውሻው ቫይረስ በየትኛው በር ይገባል?



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ በሄድኩበት ጊዜ መከታ የተባለው ውሻችን ታመመ። በመጀመሪያ ዓይኑን ዓይናር ሞላው፣ ከአፍንጫውም ወፍራም ንፍጥ ይወርድ ጀመር። ቀጥሎ ሳለ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ ተቅማጥ ያዘው። ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር እንደሚያኝክ ሁሉ መንጋጋውን ያንቀጫቅጭና እየተንዘፈዘፈ ይወድቅ ጀመር። ከጎረቤት አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» አለ፤ ሌላው «አብዷል፣ ራቁት» አለ። አባቴ ከግቢው ጥግ አሰረው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ማታ እራት ላይ ተቀምጠን ሳለ የዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መከታ ሁልጊዜ አጠገባችን ነበር። ላያችን ላይ ሲያስልና ሲያስነጥስ ከረመ። ታዲያ እኛን ለምን አልያዘንም?»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ያውም ነገ የሳይንስ መምህር ልባል የተዘጋጀሁ ሰው፣ መልስ አልነበረኝም። «ዝም ብለህ ብላ!» አልኩት። ልጁ ዝም አለ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ምሽት ዕዳ ለመክፈል የቀረበ ነው። መከታ በምን እንደሞተ የመረመረ የእንስሳት ሐኪም ስላልነበረ ቁርጡን ልናገር አልችልም። ይሁን እንጂ ያየናቸው ምልክቶች በሙሉ ዲስቴምፐር ከሚባለው የውሻ በሽታ ጋር የሚስማሙ በመሆናቸው ትምህርቱን በዚሁ በሽታ እንጀምር። (ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጓጉንቸርና መክፈቻ

እንደሚታወቀው ቫይረስ ብቻውን ሊራባ አይችልም። የራሱ ወጥ ቤት የለውም፤ የሰው ወጥ ቤት ገብቶ ነው የሚያበስለው። ወጥ ቤቱ ሕዋስ ወይም ሴል ነው። ሕዋስ ደግሞ ዙሪያውን በስስ የቅባት ሽፋን የታጠረ ስለሆነ ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም። በሽፋኑ ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተተክለው ይገኛሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች ከሌሎች ሕዋሳት መልእክት የሚቀበሉ፣ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙ፣ ምግብ የሚያስገቡ የአካል ሠራተኞች ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ነገር ስለሚቀበሉም «ሪሴፕተር» ወይም «ተቀባይ» ይባላሉ።

ተቀባይ ለቫይረስ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቫይረሱ ግን ለሌላ ሥራ የተሠራውን ጓጉንቸር የሚከፍት መክፈቻ ይዞ ይመጣል። መክፈቻው ከገጠመ ይገባል፤ ካልገጠመ ደጅ ቀርቶ ይጠፋል። እንግዲህ አንድ ቫይረስ ማንን እንደሚያጠቃ፣ የትኛውን የአካል ክፍል እንደሚያሳምምና በምን መንገድ ወደ ሌላ እንደሚተላለፍ ለማወቅ ከተፈለገ በመጀመሪያ «መክፈቻው የየትኛው ጓጉንቸር ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

2. ዲስቴምፐር ምንድን ነው?

በሽታው አዲስ አይደለም። የፈንጣጣን ክትባት ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1809 ስለዚህ የውሻ በሽታ ጽፏል። በ1905 ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም አንሪ ካሬ የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን አሳየ። ይህ ረቂቅ ነገር ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ ሌድሎና ደንኪን የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ክትባት ለመሥራት በቁ።

የቫይረሱን አካል ብንመለከት ከውስጥ አር.ኤን.ኤ. የሚባለውን የዘር መልእክት ይዟል፤ በመልእክቱም ላይ ስድስት ጂኖች አሉ። ከውጭ እንደ ሕዋሱ ሁሉ በቅባት የተሠራ ካባ ለብሷል። በካባው ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች እንደ እሾህ ቆመዋል። አንደኛው ኤች ይባላል፤ ሥራው ተቀባዩን ፈልጎ መያዝ ነው። ሁለተኛው ኤፍ ይባላል፤ ሥራው የቫይረሱን ካባ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ማዋሐድ ነው። ባጭሩ ኤች መክፈቻው ነው፤ ኤፍ በሩን የሚገፋው ክንድ ነው። ኤች ጓጉንቸሩን ካልያዘ ኤፍ አይንቀሳቀስም። ኤች በያዘ ጊዜ ግን ኤፍ እንደታጠፈ ሽቦ ተፈናጥሮ ሁለቱን ቅባቶች አንድ ያደርጋቸዋል፤ የዘሩም መልእክት ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ የቫይረሱን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

3. የመጀመሪያው በር

ታዲያ የመጀመሪያው ጓጉንቸር የቱ ነው? አንድ ሰው «በሳል የሚተላለፍ ከሆነ የሳንባ ሽፋን ነዋ!» ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

በ2000 ያናጊ በተባሉ ሳይንቲስት የሚመራ የጃፓን የምርምር ቡድን፣ የዲስቴምፐር የቅርብ ዘመድ የሆነው የኩፍኝ ቫይረስ የሚገባበትን ተቀባይ አገኘ። ስሙ ስላም ይባላል። (ከኛ «ሰላም» ጋር እንዳይምታታ! ይኼ ሰላም የሚያመጣ አይደለም።) በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ቡድን የውሻው ዲስቴምፐርም በውሻው ስላም እንደሚገባ አረጋገጠ።

ስላም የሚገኘው በሽታን በሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ነው። ይኸውም ለውጊያ በተነሡ ሊምፎሳይቶች፣ በማክሮፋጆችና በመሳሰሉት ላይ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሌባ መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚሰርቀው ከሀብታም ቤት ነው እንላለን። ይኼኛው ሌባ ግን በቀጥታ የሚሄደው ወደ ዘበኞቹ ቤት ነው።

አካሄዱም እንደሚከተለው ነው። የታመመው ውሻ ሲያስነጥስ የሚወጣውን ረቂቅ ነጠብጣብ ጤነኛው ውሻ በትንፋሹ ይስበዋል። በአየር መተላለፊያው ያሉት ማክሮፋጆች እንደ ልማዳቸው እንግዳውን ነገር ሊይዙ ይቀርባሉ፤ ቫይረሱም በያዛቸው ስላም በኩል ይገባባቸዋል። በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ተሸክመውት ወደ ቶንሲልና ሲያብጡ ንፍፊት ወደምንላቸው የሊምፍ ዕጢዎች ይደርሳሉ። ዕጢዎቹ የነጭ ሕዋሳት መሰብሰቢያ ናቸውና ቫይረሱ በብዙ ቤቶች መካከል ተገኘ ማለት ነው። ከ2 እስከ 4 ቀን ይራባል። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ትኩሳት ይመጣል፤ በደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳትም ቁጥራቸው ያሽቆለቁላል። ዘበኞቹ ከተመቱ ደግሞ ሌላው ባክቴሪያ ሁሉ እንዳሻው ይገባል። ብዙ ውሾች በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

4. ሁለተኛው በር

ቫይረሱ በነጭ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ከዚያ ውሻ ጋር ይቀበር ነበር። ለመተላለፍ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ያስፈልገዋል። ይህን በር ለማግኘት ሳይንቲስቶች አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ2011 ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ኔክቲን-4 የተባለውን የኩፍኝ ቫይረስ ሁለተኛ ተቀባይ አስታወቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ለዲስቴምፐርም የሚያገለግል መሆኑ ታወቀ።

ኔክቲን-4 የሚገኘው የአየር መተላለፊያንና የመሳሰሉትን ክፍሎች በሚሸፍኑት ሕዋሳት ላይ ነው፤ ሥራውም ጎረቤት ሕዋሳትን እርስ በርስ ማያያዝ ነው። በመሆኑም የሚገኘው አየር በሚያልፍበት በውጭው ፊት ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ደሙ በሚመለከተው በጎንና በጓሮ በኩል ነው። ቫይረሱ መጀመሪያ በትንፋሽ ሲመጣ የሳንባውን ሽፋን አልፎ ወደ ዘበኞቹ የሄደበት ምሥጢር እዚህ ላይ ይፈታል፤ በመንገዱ በኩል ለመክፈቻው የሚሆን ጓጉንቸር የለም! ከ8ኛው ወይም ከ9ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ግን በነጭ ሕዋሳት ታዝሎ በደም በኩል ይመለስና የጓሮውን በር ይከፍታል። ገብቶ ከተራባ በኋላ በፊት ለፊቱ በር፣ ወደ አየሩ በሚያወጣው በኩል ይወጣል። ንፍጡ፣ ሳሉ፣ ዓይናሩ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ውሻው ባስነጠሰ ቁጥር ቫይረሱ ሌላ ውሻ ፍለጋ ይወጣል።

እንግዲህ በዘበኛ ቤት ገብቶ፣ በጓሮ በር አልፎ፣ በፊት ለፊቱ በር ይወጣል። ስላም የመግቢያና የመራቢያ፣ ኔክቲን-4 የመውጫና የመተላለፊያ በር ነው ብለን ብናስታውሰው አንሳሳትም።

በተጨማሪም የተያዘው ሕዋስ የቫይረሱን ኤችና ኤፍ በገዛ ሽፋኑ ላይ ስለሚያወጣ ጎረቤቱን ሕዋስ ይይዝና ይዋሐደዋል። ብዙ ሕዋሳት አንድ ላይ ተቀላቅለው ግዙፍ ሕዋስ ይሠራሉ። ስለዚህ ቫይረሱ ደጅ ሳይወጣም ግድግዳ እያፈረሰ ከቤት ወደ ቤት ሊሄድ ይችላል። ወደ አንጎልም በተያዙ ነጭ ሕዋሳት ተሸካሚነት ይደርሳል፤ የመንጋጋው ማንቀጫቀጭና መንዘፍዘፉ ከዚህ የተነሣ ነው።

5. «እኛን ለምን አልያዘንም?»

አሁን ወደ ወንድሜ ጥያቄ እንመለስ። ሰውም ስላም አለው፤ ዳሩ ግን የሰውና የውሻ ስላም በቅርጽ ይለያያሉ። የዲስቴምፐሩ ኤች በውሻው ስላም ላይ በደንብ ይገጥማል፤ በሰው ላይ ግን በቀላሉ አይዞርም። በመጀመሪያው በር ያልገባ ደግሞ ወደ ሁለተኛው አይደርስም። እስከ ዛሬም ዲስቴምፐር ሰውን እንዳሳመመ አልተረጋገጠም።

ሆኖም «ስለዚህ አያገባንም» ብሎ መተኛት አይገባም። በቤተ ሙከራ እንደታየው ቫይረሱ የሰውን ኔክቲን-4 መጠቀም ይችላል፤ በኤች ላይም ትንሽ ለውጥ ሲደረግ የሰውን ስላም ወደ መክፈት ይቀርባል። መክፈቻ በሞረድ እንደሚስተካከል ሁሉ ቫይረስም በመራባት ብዛት ይለወጣል። በ1994 በታንዛኒያ ሰረንጌቲ ፓርክ ዲስቴምፐር ገብቶ ከአንበሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ጨርሷል። አንበሳ የድመት እንጂ የውሻ ዘመድ አይደለም!

ለኛ መከታ የሆነን ሌላም ነገር አለ፤ እሱም የኩፍኝ ክትባት ነው። ዲስቴምፐርና ኩፍኝ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በመሆናቸው አንደኛውን ለይቶ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ሁለተኛውንም በከፊል ያውቀዋል። ለቡችሎች የኩፍኝ ክትባት እየተሰጠ ከዲስቴምፐር የተጠበቁበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛውን ወንድም ደግሞ አያቶቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ የከብቶቹ ደስታ በሽታ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን ጨርሶ፣ በሬ አሳጥቶ፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ያመጣው እሱ ነው። እሱም በስላም ነው የሚገባው። ደስ የሚለው፣ ደስታ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። መክፈቻው ያው ቢሆንም ሊሸነፍ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

ኩፍኝም ቢሆን ዘበኞቹን ስለሚመታ ሽፍታው ሲጠፋ ነገሩ አያበቃም። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ኩፍኝ የያዛቸው ያልተከተቡ ሕፃናት አስቀድመው ካካበቱት ፀረ እንግዳ አካላት ውስጥ ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነውን አጥተዋል። ማለትም አካላቸው የተማረውን ትምህርት ረስቷል። አስተማሪ ለሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር ይኖር ይሆን? በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጠውን ክትባት ለወላጆች ማስረዳት ለኛ ከትምህርት ውጭ የሆነ ሥራ አይደለም።

6. የባሌው ቀይ ቀበሮ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በጠቅላላው 500 ገደማ ብቻ ሲቀሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እሱም የውሻ ዘመድ ስለሆነ ጓጉንቸሩ ለዲስቴምፐር ክፍት ነው። በ2005-2006 እና በ2010 በሽታው ባሌ ገብቶ በተጠቁት አካባቢዎች ከነበሩት ቀበሮዎች ከ43 እስከ 68 ከመቶ የሚሆኑትን ገድሏል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖር፣ ጠዋት ጠዋት ተገናኝቶ ሰላምታ የሚለዋወጥ አውሬ ነው፤ የአንዱ ትንፋሽ ለሁሉም ይደርሳል። ከብት ጠባቂ ተከትሎ ደጋ የወጣ ያልተከተበ ውሻ ለእነሱ ምን ዓይነት አደጋ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

7. ሌላ ቫይረስ፣ ሌላ በር

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ «የውሻ በሽታ ሰውን አይዝም» የሚል ስሜት አሳድሮ ከሆነ አጥፍቻለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የያዘው መክፈቻ ሌላ ነው። ከሚጠቀምባቸው ተቀባዮች አንዱ ነርቭ ጡንቻን በሚያዝበት መገናኛ ላይ ያለው፣ የአሴቲልኮሊን መልእክት ተቀባይ ነው። ይህ ጓጉንቸር በውሻም፣ በላምም፣ በሰውም ላይ ስለሚገኝ ቫይረሱ አጥቢ እንስሳትን ሁሉ ያጠቃል። በንክሻ ወይም በተላጠ ቆዳ ላይ በሚያርፍ ልጋግ ይገባና በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጉዞ ላይ ሳለ ግን ክትባት ሊቀድመው ይችላል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን መፍጠን ነው።

ይህን እያነበብኩ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። መከታ ታስሮ በነበረበት ወቅት ወንድሜ ውኃ ሊሰጠው ቀርቦ እጁን ልሶት ነበር፤ እጁ ላይ ደግሞ የእሾህ ጭረት ነበረበት። የሚንዘፈዘፍ ውሻ ዲስቴምፐር ይሁን የእብድ ውሻ በሽታ በዓይን አይለይም። ማናችንም አላሰብንበትም። ያኔውኑ ለእናቴ ደወልኩ። «ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ልጁ ደህና ነው እኮ» አለችኝ። «ደህና ሆኖ ነው መውሰድ እማዬ፤ ከታመመ በኋላማ ምን ይጠቅማል?» አልኳት። በማግሥቱ አባቴ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ጊዜ ቢያልፍም መጀመሩ ግዴታ ነው ብለው ክትባቱን አስጀመሩት።

ስለሆነም ተማሪያችን በውሻ ቢነከስ፣ ቢቧጨር ወይም የተላጠ ቆዳው ቢላስ፦
ሀ) ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ። ሳሙና ቅባትን እንደሚያስለቅቅ የቫይረሱንም የቅባት ካባ ይገፍፈዋል።
ለ) በቁስሉ ላይ ቅጠል፣ ቡና ወይም ሌላ ነገር አለማድረግ።
ሐ) በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ።
መ) ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ።

8. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ላቅርብ። ከአሮጌ ካርቶን አራት ካርዶች ቁረጡ። በመጀመሪያው ላይ ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ (የውሻ ስላም)፣ በሁለተኛው ላይ ግማሽ ክብ ጎድጓዳ (ኔክቲን-4)፣ በሦስተኛው ላይ ሰፋ ያለ ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ (የሰው ስላም)፣ በአራተኛው ላይ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ (የነርቩ ተቀባይ) ይቆረጥ። ካርዶቹን አራት ተማሪዎች ይያዙ። አምስተኛው ተማሪ ዲስቴምፐር ይሁንና ባንድ ጫፉ ሦስት ማዕዘን፣ በሌላው ግማሽ ክብ የሆነ ካርቶን ይዞ እየዞረ ይሞክር። የትኛው እንደገጠመ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ፤ መምህሩ አይቅደማቸው።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1) ቫይረሱ በትንፋሽ ገብቶ ሳለ የአየር መተላለፊያውን ሽፋን መጀመሪያ የማያጠቃው ለምንድን ነው?
2) ኔክቲን-4 ባይኖር የታመመው ውሻ ምን ይሆናል? አጠገቡ ያለውስ ጤነኛ ውሻ?
3) ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከዳነ በኋላ በሌላ በሽታ በቀላሉ የሚጠቃው ለምንድን ነው?
4) ሳሙና በቫይረሱ ላይ ምን ያደርጋል?

ውድ ሠልጣኝ ጓደኞቼ፣ የምንመደብበት ቦታ የእንስሳት ሐኪም የሌለበት፣ ጤና ጣቢያውም ሩቅ የሆነበት ሊሆን ይችላል። በዚያ ቦታ ልጆች የሚጠይቁት እኛን ነው። ያላወቅነውን «አላውቅም፤ ነገ አንብቤ እነግርሃለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ «ዝም ብለህ ብላ» ማለት ነው። ወንድሜ ያን ጥያቄ ባይጠይቀኝ ኖሮ እኔም አላነብም ነበር፤ እሱም ክትባቱን አያገኝም ነበር።